የኋላ ኮፈን፣ የውስጥ መብራትና ፊውዝ፦ ሌላ ነገር ሳታቃጥሉ ራሳችሁ የምትሠሩበት መመሪያ

የመኪናው የውስጥ መብራት እምቢ ሲል ብዙ ሰው ካቻቪቴ ያነሳና የመብራቱን ሽፋን ይፈለቅቃል። ብረቱ ወደ ውስጥ ይገባና ብልጭ ይላል። እስከዚያ ድረስ የሞተው አንድ አምፖል ብቻ ነበር። አሁን ግን የኋላ ኮፈኑ መብራትም፣ ሰዓቱም፣ አንዳንዴ ሬዲዮውም አብረው ጠፉ። ቀጥሎ ፊውዝ ፍለጋ ይገባል። ትክክለኛው ሲጠፋ አምፔሩ ከፍ ያለው ይሰካል። የአምስት ደቂቃ ሥራ የነበረው ሽቦ እስከማቅለጥ ይደርሳል።

ሦስቱን አንድ ላይ የማነሳው ለዚህ ነው። በብዙ መኪናዎች የውስጥ መብራቱና የኋላ ኮፈኑ መብራት አንድ ፊውዝ ይጋራሉ። አንዱ ጋ የተሠራ ስህተት ሌላው ጋ ይወጣል። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራው ሂዱበት፣ የምታውቁት የመሰላችሁን ደረጃም አትዝለሉ።

ክፍል 1፦ ዝግጅት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ፣ ወይም የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን ሥዕል
- ከመኪናችሁ ጋር አንድ ዓይነት ቅርጽና አምፔር ያላቸው ጥቂት መጠባበቂያ ፊውዞች
- ፊውዝ መንቀያ ትንሽ የፕላስቲክ ፒንሳ (ብዙ ጊዜ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ተሰክቶ ይገኛል)
- የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፤ ከሌለ ጫፉ በናስትሮ በደንብ የተጠቀለለ ቀጭን ካቻቪቴ
- ንጹሕ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት
- ካላችሁ ቴስተር ወይም መፈተሻ አምፖል

ከዚያ፦

1. መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ።
2. ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ። በቁልፍ ሳይሆን በመጫን የሚነሳ መኪና ከሆነ ሪሞቱን ከመኪናው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።
3. መብራት፣ ሬዲዮ፣ የአየር ማራገቢያ፣ ቻርጀር ሁሉንም አጥፉ።
4. ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ። ቀለበት በኤሌክትሪክና በመኪናው ብረት መካከል ከገባ በሰከንዶች ውስጥ ግሎ ጣት ያቃጥላል።

አምፖል ወይም ፊውዝ ለመቀየር ባትሪ መፍታት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ሽቦ የምትነኩ ከሆነ ግን ፍቱ። ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ስትገጥሙ መጨረሻ ላይ ኔጋቲቩን። ይህን ብትገለብጡት በፖዘቲቩ ላይ ያለው መፍቻ የመኪናውን አካል ሲነካ ትልቅ ብልጭታ ይፈጠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ባትሪው ከኋላ የሆነ መኪና አለ። የኋላ ኮፈኑም በኤሌክትሪክ ብቻ የሚከፈት ሊሆን ይችላል። ባትሪውን ፈትታችሁ ኮፈኑን ከዘጋችሁት ባትሪው ውስጥ ይቆለፍባችኋል። ሥራው እስኪያልቅ ኮፈኑ እንደተከፈተ ይቆይ፣ ቁልፉም ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ ጭራሽ አትንኩ። ቢጫ ሽፋን ወይም ቢጫ ማገናኛ ያለው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ነው። ብርቱካናማ ወፍራም ኬብል ደግሞ በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሸከማል፣ ሰው ይገድላል።

ክፍል 2፦ የኋላ ኮፈን

መክፈትና መዝጋት

1. ከመክፈታችሁ በፊት ወደ ላይ እዩ። ዝቅ ያለ ጣሪያ ካለ ኮፈኑ ይጋጫል።
2. በሾፌሩ ወንበር አጠገብ ያለውን ማንሻ ሳቡ፣ ወይም የሪሞቱን ቁልፍ ተጫኑ፣ ወይም ኮፈኑ ላይ ባለው ማብሪያ ክፈቱ። ሪሞት ላይ ብዙውን ጊዜ ጫን አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ነካ አድርጎ መልቀቅ ላይበቃው ይችላል።
3. ኮፈኑን በአንድ እጅ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉት። ግማሽ ላይ አትተዉት።
4. ሳትለቁት ለአፍታ ጠብቁ። ወደ ታች መንሸራተት ከጀመረ የሚደግፉት የጋዝ ዘንጎች ደክመዋል ማለት ነው። ብርድ ሲሆን የበለጠ ይደክማሉ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ። እስከዚያው ሌላ ሰው ሳይዝላችሁ ጭንቅላታችሁን ከሥሩ አታስገቡ።
5. ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ወደ ወንበሩ ጀርባ አስጠግታችሁ ጫኑ። የኮፈኑን አምፖል በጨርቅ ወይም በካርቶን አትሸፍኑ። አምፖሉ ይግላል።
6. ልትዘጉ ስትሉ የሰው እጅ አለመኖሩን እዩ፣ በተለይ የልጆችን። ከዚያ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ በመዳፋችሁ ወደ ታች ግፉ። በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ከሆነ ማብሪያውን ተጫኑና ተዉት። በእጅ መግፋት ሞተሩን ይጎዳል።
7. ከተዘጋ በኋላ ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ክሩስኮት ላይ የክፍት በር ምልክት ከበራ አልገጠመም።

አልዘጋ ካለ

በኃይል አትደብድቡት። ጠርዙ ላይ የገባ ዕቃ ወይም ምንጣፍ ካለ አንሱ። ከዚያ የመቆለፊያውን መንጋጋ እዩ። አንዳንድ ጊዜ ኮፈኑ ክፍት ሆኖ ሳለ መንጋጋው ብቻውን ተዘግቶ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ሺህ ጊዜ ብትደበድቡት አይገጥምም፤ ኮፈኑ ይጣመማል እንጂ። ኮፈኑ ክፍት እንደሆነ የመክፈቻውን ማንሻ ሳቡ ወይም ሪሞቱን ተጫኑ። መንጋጋው ቀጭ ብሎ ይከፈታል። አሁን ዝጉት።

አልከፈት ካለ

በዚህ ተራ ሞክሩ፦

1. የሁሉንም በሮች መቆለፊያ ክፈቱና እንደገና ሞክሩ። መኪናው ተቆልፎ ከሆነ የኮፈኑ ማብሪያ አይሠራም።
2. ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀውን የብረት ቁልፍ አውጡና የቁልፍ ቀዳዳ ፈልጉ። በአንዳንድ መኪና ቀዳዳው በዓርማው ወይም በትንሽ ክዳን ሥር ነው።
3. የኋላ ወንበሩን ጀርባ አጥፉና በውስጥ በኩል ግቡ። ብዙ ኮፈኖች በውስጥ ገጻቸው ላይ የአደጋ ጊዜ መክፈቻ አላቸው።
4. ባትሪው ሞቶ ከሆነና ባትሪው ከኋላ ከሆነ ከፊት ኮፈን ሥር ፖዘቲቭ ማስነሻ ነጥብ ፈልጉ። ከኋላ ባትሪ ያላቸው ብዙ መኪናዎች አላቸው። ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ ስትሰጡት የኋላው ይከፈታል።

ስለ ውስጠኛው መክፈቻ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ከመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠሩ ተሳፋሪ መኪናዎች የተዘጋ የኋላ ኮፈን ካላቸው ይህ መክፈቻ እንዲኖራቸው በሕግ ግዴታ ነው። ሕጉ የመጣው ልጆች ውስጥ ተቆልፈው ስለሞቱ ነው። በጨለማ የሚያበራው ትንሽ እጀታ እሱ ነው። መኪናችሁ ላይ ካለ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩአቸው። ከሌለ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሲያድር ቆልፉት፣ ቁልፉንም ልጅ የማይደርስበት አስቀምጡ።

ኮፈን ከፍቶ መንዳት፦ አትንዱ። መኪና ሲሄድ ከኋላው የሚፈጠረው አየር የጭስ ማውጫውን ጋዝ ወደ ውስጥ ይስባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ረጅም ዕቃ ጭናችሁ አማራጭ ካጣችሁ የጎን መስኮቶችን ሁሉ ክፈቱ፣ ማራገቢያውን ከውጭ አየር በሚያስገባው ላይ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ ኮፈኑን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ መንገዱንም አሳጥሩ። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ቁሙና ውጡ።

ክፍል 3፦ የውስጥ መብራት

ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት

የጣሪያው መብራት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦታ አለው፦ ሁልጊዜ የሚበራበት፣ በር ሲከፈት ብቻ የሚበራበት፣ ጨርሶ የሚጠፋበት። ዕቃ ሲጫን ወይም ልጅ ሲነካካ ወደ መጥፊያው ይሄዳል። መጀመሪያ ይህን እዩ።

1. ሁልጊዜ በሚበራበት ላይ አድርጉት። ከበራ አምፖሉም ፊውዙም ደህና ናቸው።
2. ወደ በር አዙሩትና እያንዳንዱን በር ለየብቻ ክፈቱ። በአንዱ በር ብቻ እምቢ ካለ ችግሩ የዚያ በር ማብሪያ ነው።
3. ጨርሶ ካልበራ የኋላ ኮፈኑን ከፍታችሁ መብራቱን እዩ። ሰዓቱንም እዩ። ሁሉም አብረው ጠፍተው ከሆነ ፊውዙን ጠርጥሩና ወደ ክፍል 4 ሂዱ። የጣሪያው ብቻ ከሆነ መጀመሪያ አምፖሉን ጠርጥሩ።

አምፖል መቀየር

1. መብራቱን መጥፊያው ላይ አድርጉት፣ ቁልፉም ይነቀል። ከተቻለ የዚህን መብራት ፊውዝ አስቀድማችሁ ንቀሉ። መግቢያው ላይ ያነሳሁት ብልጭታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በብዙ መኪና የአምፖሉ አንድ ጫፍ መብራቱ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አለው። ካቻቪቴ እሱንና ብረቱን ካገናኘ ፊውዙ ወዲያው ይበጠሳል።
2. አምፖሉ በርቶ ከነበረ 5 ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ።
3. ሽፋኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቆረጥ ያለች ቦታ ፈልጉ። መፈልቀቂያው የሚገባው እዚያ ነው። በቀስታ አንሱ። እምቢ ካለ ሌላኛውን ጎን ሞክሩ፤ ጉልበት ከጨመራችሁ የፕላስቲኩ ጥርስ ይሰበራል።
4. አምፖሉን በጨርቅ ይዛችሁ አውጡ። ሁለት ጫፉ ብረት የሆነው ረዥሙ ዓይነት ከሆነ አንዱን የሽቦ መያዣ በጣታችሁ ወደ ውጭ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። በፒንሳ አትጨምቁት፣ መስታወቱ ይፈነዳል።
5. አዲሱ ርዝመቱም ዋቱም ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ረዥሙ ዓይነት በ31፣ 36 ወይም 41 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል፣ ስለዚህ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ከ5 ዋት ወደ 10 ዋት ማሳደግ ሽፋኑን ሊያቀልጥ ይችላል።
6. አስገቡት፣ ሽፋኑን ከመግጠማችሁ በፊት አብሩና እዩ።

ኤልኢዲ ገዝታችሁ ካልበራ አትጣሉት። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ስለሚለይ አውጥታችሁ ገልብጡት።

መብራቱ አልጠፋ ካለ

ብዙ መኪናዎች በር ከተዘጋ በኋላ መብራቱን ለተወሰኑ ሰከንዶች ያቆዩታል፣ እሱ ጤነኛ ነው። አንድ ደቂቃ ካለፈ በሮቹን ደግማችሁ ዝጉ። በር ላይ ያለችውን የጎማ ማብሪያ በጣት ተጫኑ። ከጠፋ በሩ በደንብ እየተጫናት አይደለም።

አስቸጋሪው የኋላ ኮፈኑ መብራት ነው፤ ሲዘጋ መጥፋቱን ማንም አያይም። ስልካችሁን ቪዲዮ እያስቀረጻችሁ ውስጥ አስቀምጡና ኮፈኑን ዝጉ። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ከፍታችሁ ቪዲዮውን እዩ። እስቲ ግባና እይ ብላችሁ ልጅ እንዳታስገቡ!

ይህን ችላ አትበሉት። አንድ የ10 ዋት አምፖል በ24 ሰዓት 20 አምፔር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ያህል ይበላል። ባለ 45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በሁለት ቀን ከሩብ ገደማ ባዶ ይሆናል፣ ሞተር ማስነሳት የሚያቅተው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። «ባትሪዬ በየሁለት ቀኑ ይሞታል» ብሎ ባትሪ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ይህን ቢፈትሽ ገንዘቡን ያተርፋል።

ክፍል 4፦ ፊውዝ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ያገለገለ መኪና ገዝቼ የፊውዝ ሳጥኑን ስከፍት አንዱ ፊውዝ በመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ አገኘሁት። ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ጠቁሯል። መኪናው ግን ያለችግር ይነዳ ነበር። እኔንም ቤተሰቤንም ይዞ እየተጓዘ ያለው ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ነጥብ ነው። ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሱ ይበጠሳል። የፊውዙ አምፔር የተመረጠው በሽቦው ውፍረት ልክ ነው። በ10 ቦታ 30 ብትሰኩ ቀድሞ የሚግለው ሽቦው ይሆናል፤ ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው ከምንጣፉ ሥርና ከክሩስኮቱ ጀርባ ነው። ሽቦ፣ የሲጋራ ወረቀት፣ ሚስማር፣ ፎይል በፊውዝ ቦታ አይገባም። ለአንድ ቀንም ቢሆን።

ቀለሞቹን እወቁ

በተለመደው ባለ ሁለት ምላስ ፊውዝ ላይ፦ 5 አምፔር ፈዛዛ ቡኒ፣ 7.5 ቡኒ፣ 10 ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 25 ነጭ ወይም ቀለም አልባ፣ 30 አረንጓዴ። ቁጥሩም ጀርባው ላይ ተጽፏል። ቀለሙ ከደበዘዘ በቁጥሩ እመኑ። መጠናቸው ግን ይለያያል፣ ቀለሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ይገጥማል ማለት አይደለም።

መፈተሽና መቀየር

1. ሳጥኑን ፈልጉ። አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከክሩስኮቱ ሥር ወይም ጎን ነው፣ ሌላው ከፊት ኮፈን ሥር ባትሪው አጠገብ። አንዳንድ መኪና ከኋላም አለው።
2. ክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል አንብቡ። የውስጥ መብራት በእንግሊዝኛ «ዶም» ወይም «ሩም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።
3. አንድም ሳትነቅሉ ፎቶ አንሱ። ሁለት ፊውዝ ነቅላችሁ ቦታቸው ሲጠፋባችሁ ፎቶው ያድናችኋል።
4. በፕላስቲክ መንቀያው ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ግራና ቀኝ አታወዛውዙ፣ ሶኬቱ ይላላል። የብረት ፒንሳ አትጠቀሙ።
5. ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩ። ውስጡ ያለው ቀጭን ድልድይ ከተቆረጠ ወይም ከጠቆረ ተቃጥሏል።
6. በዓይን ካልለየላችሁ ፊውዙን ወደ ቦታው መልሱና በመፈተሻ አምፖል እዩ። አንዱን ጫፍ ከመኪናው ባዶ ብረት ጋር አያይዙ፣ በሌላው ፊውዙ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ነጥቦች በተራ ንኩ። ሁለቱም ላይ ከበራ ፊውዙ ደህና ነው። አንዱ ላይ ብቻ ከበራ ተበጥሷል። ሁለቱም ላይ ካልበራ ያ ቦታ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ቁልፍ ሲከፈት ሊሆን ይችላል፤ ከፍታችሁ ድገሙት።
7. በዚያ ፊውዝ የሚሠራውን ዕቃ አጥፉ። ያው አምፔር ያለውን አዲስ ፊውዝ ቀጥ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ግፉ። ግማሽ የገባ ፊውዝ ይግላል።
8. አሁን አብሩና እዩ።

መጠባበቂያ ከሌላችሁና መንገድ ላይ ከሆናችሁ ያው አምፔር ያለውን ከማትፈልጉት ነገር ተበደሩ፣ ለምሳሌ ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት። ከፍሬን፣ ከኤርባግ፣ ከፊት መብራት ወይም ከሞተር ፊውዝ ግን አትውሰዱ።

የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ቶሎ ቶሎ የሚቃጠልባችሁ ከሆነ ሒሳቡን ሥሩ። ዋቱን ለ12 አካፍሉ። ባለ 150 ዋት ጎማ መንፊያ 12.5 አምፔር ይፈልጋል። ፊውዙ 10 ከሆነ ሊበጠስ ይችላል። መፍትሔው አነስ ያለ መንፊያ ወይም በቀጥታ ከባትሪ የሚሠራ ነው።

አዲሱም ከተቃጠለ

አንድ ጊዜ መቀየር ይፈቀዳል። ሁለተኛው ከተቃጠለ ሦስተኛ አትሰኩ፤ መንስኤውን ፈልጉ። መቼ እንደተበጠሰ ልብ በሉ፦

- *ገና ስትሰኩት፦* የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ የመኪናውን ብረት እየነካ ነው።
- *ዕቃውን ስታበሩ፦* ችግሩ ዕቃው ውስጥ ወይም ከማብሪያው በኋላ ያለው ሽቦ ላይ ነው። ዕቃውን ንቀሉና ሞክሩ።
- *የኋላ ኮፈኑን ስትከፍቱ ወይም ስትዘጉ፦* በኮፈኑና በመኪናው አካል መካከል ያለውን የጎማ ቱቦ እዩ። ሽቦዎቹ እዚያ ውስጥ በከፈታችሁና በዘጋችሁ ቁጥር ይታጠፋሉ። ከዓመታት በኋላ ሽፋናቸው ይሰነጠቅና እርስ በርስ ይነካካሉ። ለዚህም ነው የኮፈን መብራት፣ የታርጋ መብራትና የኮፈን መክፈቻ አንድ ላይ የሚያብዱት።

የመጨረሻው ከሆነ ባትሪውን ፍቱ፣ የቱቦውን ጫፍ ከቦታው አውጡና ወደ ኋላ ግፉት። የተሰነጠቀ ሽቦ ካለ መቁረጥና ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁራጭ በሳልዳቶ ማስገባት፣ በላዩ ላይም በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ማልበስ ያስፈልጋል። በናስትሮ ብቻ ጠምዝዞ መተው እንደገና ይላላል። ብየዳ ካልለመዳችሁ ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡት፣ ቦታውን ግን አሳዩት። ፍለጋው ስለሚቀርለት ሥራው ያጥራል።

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ደግሞ ራሳችሁ አትቀጥሉ፦ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የቀለጠ የፊውዝ ሶኬት፣ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ፣ ወይም የበራ የኤርባግ ምልክት። ጭስ ካያችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ሰው ሁሉ ይውጣና ራቅ ይበል። በደህና መድረስ ከቻላችሁ ብቻ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ከፊት ኮፈን ሥር እሳት ከታየ ኮፈኑን አትክፈቱት፣ አየር ሲያገኝ ይባባሳል።

ሥራው ከተሳካ የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ቀጭ እስኪል ዝጉት፤ ከፊት ኮፈን ሥር ያለው በተለይ ውሃ እንዳያስገባ። የተጠቀማችሁበትን መጠባበቂያ በዚያው ሳምንት ተኩ። የተቃጠለውን ፊውዝ ወደ ሳጥኑ አትመልሱት፣ በሌሊት መንገድ ላይ ደህና መስሏችሁ ልትሰኩት ትችላላችሁ።